በዱብቲ ስለ ከብትና ስለ አዝመራ፤ ምድርንና አየርን ስለሚጎዳው ነገር

በዚህ ዘመን ብዙ የውጭ አገር ሊቃውንት ከብት ማርባት የዓለምን አየር ያሞቃልና ሰው ሥጋን ቀንሶ አዝመራ ቢበላ ይሻላል እያሉ ይጽፋሉ። ነገሩ ከመሠረቱ እውነት ነው። ላም፣ በግና ፍየል በሚያመሰኩበት ጊዜ በሆዳቸው ሜቴን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል፤ በግሳትም ይወጣል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2006 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ በሰው ሥራ ምክንያት አየርን ከሚያሞቀው ጋዝ ከመቶው 14.5 እጅ የሚመጣው ከከብት እርባታ ነው።

ነገር ግን ይህን ምክር በዱብቲ ከማዋል አስቀድሞ የአገሩን ጠባይ መመርመር ይገባል። የደጋው ሰው በጾም ወራት በሽሮና በምስር ይኖራል፤ ዝናቡ ያበቅልለታልና። በዱብቲ ግን በዓመት የሚዘንበው 200 ሚሊሜትር ገደማ ስለ ሆነ ያለ መስኖ እህል አይበቅልም። የአፋር አርብቶ አደር ሰው ሊበላው የማይችለውን ሣርና ቁጥቋጦ በግመልና በፍየል ወደ ወተት ይለውጠዋል። መንጋው በክረምት በሩቁ ሜዳ ይበተናል፤ በበጋ ወደ አዋሽ ዳር ይወርዳል። ስለዚህ የወንዙ ዳር ግጦሽ የተወሰደ እንደ ሆነ፣ ሩቁ ሜዳ ምንም ያህል ቢሰፋ መንጋውን ዓመቱን ሙሉ ሊያኖር አይችልም።

ይህም በሥራ ታይቷል። በ1953 ዓ.ም. ግድም ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ሁኖ በተንዳሆና በዱብቲ ሰፊ የጥጥ እርሻ አቋቋመ። ጥጡ ለአገር ገንዘብ ማስገኘቱን መካድ አይገባም። መሬቱ ግን የመንጋው የበጋ መሰማሪያ ነበረ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ በጸና ጊዜ መንጋው የሚሸሽበት ስፍራ ጠበበው፤ ብዙ ከብት አለቀ፤ ብዙ ሰውም በራብ ሞተ።

አዝመራውም ራሱ ምድርን ይጎዳል። የመስኖ ውኃ ማውጫ ቦይ ሳይበጅለት በየዓመቱ ቢለቀቅ፣ ከመሬት በታች ያለው ውኃ ከፍ ይላል፤ ፀሐይ ውኃውን ስታተንነው ጨው በላይ ይቀራል። በአዋሽ ሸለቆ በአሚባራና በመልካ ሰዲ በዚህ ምክንያት ሰፊ እርሻ ጠፍ ሆኗል። ከዚህም ሌላ፣ በረሃማነትን ይከለክላል ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ብዙ ግጦሽ ይዟል፤ ዘሩን የሚበትኑት ፍሬውን የሚበሉት ከብቶች መሆናቸው ያሳዝናል።

ስለ ቤተ ሙከራ ሥጋም ይወራል። ከላም ጥቂት ሕዋስ ተወስዶ በጋን ውስጥ በምግብ ፈሳሽ ይበቅላል። በ2005 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተጠብሶ ተቀመሰ፤ በ2013 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ የበቀለ የዶሮ ሥጋ በሲንጋፖር እንዲሸጥ ተፈቀደ። ግጦሽ አይፈልግም፤ ሆኖም ብዙ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚፈጅ ጥቅሙ ኃይሉ ከውኃና ከነፋስ ወይም ከድንጋይ ከሰል በመምጣቱ ይለያል። ለአፋር ቤተ ሰብ ደግሞ ግመል ወተት፣ ጭነትና ጥሎሽ ነው፤ ጋኑ ይህን አይተካም።

ሜቴኑን ለመቀነስ የሚቻለው የታመመውን በማከምና የማይወልደውን በጊዜው በመሸጥ ነው፤ ጥቂት ላም ብዙ ወተት ከሰጠች፣ በአንድ ሊትር የሚወጣው ጋዝ ያንሳልና። የወንዝ ዳር መሬት ለእርሻ ሲጠየቅም፣ መንጋው ወደ ውኃ የሚወርድበት መንገድና የማውጫው ቦይ አስቀድመው በካርታው ላይ ይመልከቱ። መሬቱን ለመመርመር የሚሄድ ሹም በበጋ ይሂድ፤ በክረምት የሄደ እንደ ሆነ መንጋው በሩቁ ሜዳ ስለሚሆን የወንዙን ዳር ባዶ ሁኖ ያገኘዋል።