የኩፍኝ ሁለተኛው ክትባት ለምን መቅረት የለበትም?

ልጁን በዘጠኝ ወሩ ኩፍኝ ያስከተበ ወላጅ «ልጄ ተከትቧል» ብሎ ልቡ ያርፋል። ክትባቱ ግን ሁለት ጊዜ የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው ልጁ 15 ወር ሲሞላው የሚሰጥ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ የገባው በ2011 ዓ.ም. ነው። ብዙ ልጆች የሚያመልጣቸውም ይኸው ሁለተኛው ነው።

አንዱ ለምን አይበቃም? ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ በደሙ ውስጥ ይኖራል። ይህ መከላከያ በዘጠኝ ወሩ ሙሉ በሙሉ ካልጠፋ የክትባቱን ሥራ ያደናቅፋል። መከላከያው እስኪጠፋ ድረስ ክትባቱ እንዳይዘገይ ደግሞ ኩፍኝ ክፉኛ የሚጎዳው ሕፃናትን ነው። ስለዚህ በዘጠኝ ወራቸው ከተከተቡ 100 ልጆች 15 ያህሉ መከላከያ ሳያዳብሩ ይቀራሉ። ሁለቱንም ከወሰዱት ግን 97 ያህሉ ይጠበቃሉ።

60 ተማሪዎች ያሉበትን ክፍል እናስብ። ሁሉም አንድ ጊዜ ብቻ ተከትበው ከሆነ 9 ያህሉ ለበሽታው የተጋለጡ ናቸው፤ ሁለቴ ቢከተቡ ቁጥሩ ወደ 2 ይወርዳል። ጭራሽ ያልተከተቡ ልጆች ሲጨመሩ ደግሞ አደጋው ይብሳል።

ኩፍኝ የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። የታመመው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ 2 ሰዓት አየሩ ላይ ይቆያል። መከላከያ የሌላቸው 10 ልጆች ከታማሚው ጋር ቢውሉ 9ኙ ይያዛሉ። እጅ መታጠብ ከተቅማጥ፣ ፊት መታጠብ ከትራኮማ ይጠብቃል፤ ኩፍኝን ግን አያስቆሙትም። መስኮት መክፈት ቢረዳም አይበቃም። ከሁሉ የሚከፋው፣ ልጁ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ ማስተላለፉ ነው። በእነዚያ ቀናት የሚታየው ትኩሳት፣ ሳል፣ ንፍጥና የዓይን መቅላት ስለሆነ ወላጁም መምህሩም ጉንፋን ነው ብለው ያልፉታል። ሽፍታው ሲታይ በሽታው ክፍሉን አዳርሶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የታመመን ልጅ ማስቀረት ብቻውን ትምህርት ቤትን የማያድነው።

ኩፍኝ የወጣበትን ልጅ ቤት ዘግቶ ማቆየት የቆየ ልማድ ነው። ከሌሎች ልጆች መለየቱ ትክክል ነው፤ ከጤና ጣቢያ መደበቁ ግን ሕይወት ያስከፍላል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ ልጆችን የሚገድሉት ግን በአብዛኛው ተከትለው የሚመጡት የሳንባ ምችና ተቅማጥ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ይታከማሉ። በሁለት ተከታታይ ቀናት የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ደግሞ ሞትንና ዓይነ ስውርነትን ይቀንሳል። ኩፍኝ ካለፈ በኋላም ሰውነት ሌሎች በሽታዎችን የሚከላከልበትን አቅም ለወራት ያዳክማል፤ «ማንም ሕፃን የሚያልፍበት ነው» ተብሎ የሚናቅ በሽታ አይደለም።

ሽፍታው ከወጣ 4 ቀን ሳያልፍ ልጁ ወደ ክፍል መመለስ የለበትም። ርእሰ መምህራን አንድ ተማሪ እንኳ ሲጠረጠር በዚያው ቀን ለጤና ጣቢያ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያሳውቁ፤ ከታማሚው ጋር የዋለ ያልተከተበ ልጅ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢከተብ ከበሽታው ሊተርፍ ይችላል።

ክትባቱ ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ከወጣ ጽሑፍ ነው። መጽሔቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ጽሑፉን ሰርዞታል፤ ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶችም ምንም ግንኙነት አላገኙም።

ወላጆች ሆይ፣ መስከረም ላይ ደብተርና ዩኒፎርም ከመግዛታችሁ በፊት የልጃችሁን የክትባት ካርድ አውጥታችሁ እዩ። ኩፍኝ ሁለት ጊዜ ካልተመዘገበበት፣ ወይም ካርዱ ከጠፋ፣ ልጁን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና ባለሙያውን ጠይቁ። የተከተበ ልጅ እንደገና ቢከተብ አይጎዳም።