ዝናብ የማያስገባ፣ ላብ የሚያስወጣ ጃኬት

ራስ ደጀንን ለመውጣት ስንቁን የሚቋጥር ተማሪ የላስቲክ ዝናብ ልብስ ቢይዝ ከዝናቡ ይድናል፤ ከገዛ ላቡ ግን አይድንም። ዳገቱ ላይ የሚያልበው ላብ መውጫ አጥቶ ልብሱን ከውስጥ ያርሰዋል። ውሃ ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታው ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ዐረፍ ሲል ብርዱ ሕይወቱን እስከ ማሳጣት ሊደርስ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካዊው ቦብ ጎር የጋለ ቴፍሎንን በድንገት በኃይል ስቦ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሞሉበት ቁስ አገኘ። ቀዳዳዎቹ ከውሃ ጠብታ እጅግ ያነሱ፣ ከውሃ ሞለኪውል ግን በመቶዎች እጥፍ የሚበልጡ ናቸው። ቴፍሎን ውሃን ስለማይስብ የጠብታው የገጽ ውጥረት ወደ ቀዳዳው እንዳይገባ ያግደዋል፤ የላቡ ተን ግን ያልፋል።

ይሁንና ተኑን ወደ ውጭ የሚገፋው በጃኬቱ ውስጥና ውጭ ያለው የተን ግፊት ልዩነት ብቻ ነው። በሞቃትና እርጥበት በበዛበት ቆላ፣ ወይም የውጪው ጨርቅ ውሃ ሲጠጣ፣ ውድ ጃኬትም ይታፈናል።

እንግዲህ ሲገዙ ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ። «10,000 ሚሊ ሜትር» የሚል ጽሑፍ ጨርቁ የ10 ሜትር የውሃ ዓምድ ግፊት መቋቋሙን ይገልጻል። ስፌቶቹ ከውስጥ የታሸጉ ይሁኑ። በብብት ሥር የሚከፈት ዚፕ ይኑረው፤ ከየትኛውም ስስ ሽፋን ይልቅ ክፍት ዚፕ ብዙ ተን ያስወጣልና። ከሁሉም በላይ ግን ዳገቱን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ልብስ ያውልቁ፤ ያልወጣ ላብ መውጫ አያስፈልገውም።