የአባት ልብና የልጅ ሥጋት

አባቱን ወይም እናቱን በልብ ሕመም ገና በጎልማሳነታቸው ያጣ ሰው፣ ሲጋራ ሳይቀምስ፣ ክብደቱን ጠብቆና አካሉን እያሠራ ቢኖርም እንኳ፣ ወላጁ ወደ ሞተበት ዕድሜ በተጠጋ ቁጥር እየበረታ የሚሄድ ሥጋት ያድርበታል። ይህ ሥጋት መሠረት አለው። የልብ ሕክምና፣ አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመት በፊት በልብ የደም ቧንቧ በሽታ ከተያዙ፣ ይህን የቤተሰብ ታሪክ ራሱን የቻለ የአደጋ ምልክት አድርጎ ይቆጥረዋል። እንዲህ ያለውን ሰው «አይዞህ፣ ምንም አትሆንም» ብሎ ማጽናናት የደግ ሰው ንግግር ቢሆንም ሥጋቱን አያነሳለትም፤ ወደ ምርመራ ያልተመራ ሥጋት፣ ወይ ጉዳዩን ጨርሶ ላለማየት ወደ መሸሽ፣ ወይ ደግሞ ማብቂያ ወደሌለው ጭንቀት ማዘንበሉ አይቀርምና።

የመጀመሪያው መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ በአሜሪካዊው ጸሐፊ በጂም ፊክስ ሕይወት በግልጽ ይታያል። የፊክስ አባት በ35 ዓመቱ የልብ ድንገተኛ ሕመም፣ ማለትም ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ ሲዘጋ የሚከሰተውና በተለምዶ ሃርት አታክ የሚባለው ሕመም ደርሶበት፣ በ43 ዓመቱ በዚያው በሽታ ሞቷል። ልጁ በቀን ሁለት ፓኮ ሲጋራ የሚያጨስ ወፍራም ሰው ሳለ፣ አባቱ በታመመበት በዚያው በ35 ዓመቱ ሶምሶማ ሩጫ ጀመረ፤ ማጨሱን ተወ፤ ወደ 27 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ቀነሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመው የሩጫ መጽሐፍም ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1984 በቨርሞንት ግዛት፣ ሃርድዊክ በምትባል ከተማ ሲሮጥ ወድቆ በ52 ዓመቱ ሞተ። የአስከሬን ምርመራው ከልቡ የደም ቧንቧዎች አንዱ 95 በመቶ፣ ሁለተኛው 85 በመቶ፣ ሦስተኛው 70 በመቶ ተዘግተው እንደነበር አሳየ።

በወቅቱ ብዙዎች ሞቱን «ስፖርት ዋጋ የለውም» ለማለት ተጠቀሙበት፤ ይህ ፍርድ ግን ሚዛናዊ አልነበረም። ፊክስ አባቱ ከኖረበት ዕድሜ ዘጠኝ ዓመት በላይ ኖሯል፤ ሩጫው ምን ያህሉን እንደሰጠው ከአንድ ሰው ታሪክ መለየት ባይቻልም፣ ያሳጠረበት መሆኑን የሚያሳይ ነገርም የለም። ይልቁንም ትኩረት የሚገባው፣ ሐኪሙ ኬኔት ኩፐር በጻፈው መሠረት፣ ፊክስ በዳላስ የሚገኘውን የኩፐርን ክሊኒክ በጎበኘ ጊዜ በመሮጫ ማሽን ላይ የልብ ምርመራ እንዲያደርግ ቢጋበዝም አለመቀበሉ ነው። ስለ ጤና ያን ያህል የሚያውቅና የአባቱን ታሪክ ጠንቅቆ የሚያስታውስ ሰው፣ ጤናማ ኑሮውን ከምርመራ ነጻ እንደሚያደርግ ማስረጃ የቆጠረ መምሰሉ እጅግ ያሳዝናል።

ጤናማ ኑሮ ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት በጉበት ውስጥ ይገኛል። በደም ውስጥ የሚዘዋወረውንና ሲበዛ በቧንቧ ግድግዳ ላይ የሚከማቸውን ኤልዲኤል የተባለ የኮሌስትሮል ዓይነት በዋናነት የሚያስወግደው ጉበት ሲሆን፣ ይህንንም የሚሠራው በሕዋሶቹ ገጽ ላይ ባሉ ተቀባዮች አማካይነት ነው። አሜሪካውያኑ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን እነዚህን ተቀባዮች በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ከ250 ሰዎች በግምት አንዱ ከአባቱ ወይም ከእናቱ በወረሰው የዘረመል ጉድለት ምክንያት የኤልዲኤል መጠኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ከፍ ብሎ ይኖራል። እንዲህ ያለ ሰው በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ተቆጥቦ የሚጾም ምእመን ቢሆን፣ የጾም ምግብ በአግባቡ ሲዘጋጅ ኮሌስትሮልን የሚቀንስ ቢሆንም፣ በተፈጥሮ የጎደለውን ተቀባይ አይተካለትም። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ኤልዲኤል በዴሲሊትር 190 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሲገኝ ሐኪሞች ይህን ውርስ የሚጠረጥሩት፣ ታማሚውን በአመጋገቡ ሳይወቅሱም ጉበት ኤልዲኤልን ይበልጥ እንዲያስወግድ የሚረዳውን ስታቲን የተባለ መድኃኒት የሚያዙት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ስታቲን በአሜሪካ ለሽያጭ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1987፣ ፊክስ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ ነበር።

ሊፖፕሮቲን ኤ የተባለና ኖርዌያዊው ኮሬ በርግ እ.ኤ.አ. በ1963 ያገኘው ሌላ የደም ስብ ደግሞ መጠኑ ከሞላ ጎደል በውርስ የሚወሰን፣ በምግብም በስፖርትም እምብዛም የማይለወጥ፣ የአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ዘንድም በአማካይ ከፍ ብሎ የሚገኝ ነው። በመላ ዕድሜ አንድ ጊዜ መለካቱ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

ይህ ሁሉ ግን ኑሮ ከውርስ ፊት አቅም የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና ከ55,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ ከፍተኛ የዘረመል አደጋ ካለባቸው ሰዎች መካከል የማያጨሱ፣ ያልወፈሩ፣ ስፖርት የሚሠሩና አመጋገባቸውን የሚጠብቁት፣ ውርሳቸው ተመሳሳይ ሆኖ ኑሯቸው ከተበላሸው ጋር ሲነጻጸሩ በልብ በሽታ የመያዝ አደጋቸው በግማሽ ገደማ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ጤናማው ሰው ከአደጋው ግማሹን በእጁ ቀንሷል፤ የቀረው የሐኪም ድርሻ ነው። አደጋን በቁጥር ማወቅ ጭንቀት ይጨምራል የሚለው ፍርሃትም የተጠበቀውን ያህል አልተረጋገጠም፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ በ203 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ የዘረመል አደጋቸው የተነገራቸው ሰዎች ስታቲን በብዛት በመጀመራቸው ኤልዲኤላቸው ሲቀንስ፣ ጭንቀታቸው ካልተነገራቸው ሰዎች እንዳልበለጠ መዝግቧል።

ሆኖም ምርመራው ተደርጎ፣ የሚታከመው ታክሞም የማይለቅ ሥጋት አለ፤ ይህም በራሱ ሕክምና የሚገባው ሕመም ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጃኮብ ዳ ኮስታ እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው ጥናት፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት ልባቸው እየመታ፣ ደረታቸውን እያመማቸውና ትንፋሽ እያጠራቸው ሆስፒታል የገቡ፣ ልባቸው ሲመረመር ግን ጉልህ ጉዳት ያልታየባቸውን በርካታ ወታደሮች ሁኔታ ገልጿል። ፍርሃት አድሬናሊን ያመነጫል፤ አድሬናሊን የልብ ምትን ያፋጥናል፤ ወላጁን በልብ ሕመም ያጣ ሰው ደግሞ ይህን መፋጠን የበሽታው መጀመሪያ አድርጎ ስለሚተረጉመው ፍርሃቱ ይብስበታል። የእጁን የደም ሥር እየዳበሰ ምቱን ይቆጥራል፤ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበውን የኢሲጂ ምርመራ ደጋግሞ ይነሳል፤ ውጤቱ ደህና ሲባል ለጥቂት ቀናት ያርፍና ጥርጣሬው ተመልሶ ይመጣል። ለዚህ የሚረዳው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና፣ ሰውየው ምቱን የመቁጠር ልማዱን ቀስ በቀስ እንዲተው፣ ከፍርሃት የተነሣ የሸሸውን ደረጃ መውጣትና ፈጥኖ መራመድ ሐኪሙ በፈቀደለት መጠን እንዲመለስበት ያለማምደዋል። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች 444 ታካሚዎችን ያሳተፈ ጥናት፣ ይህ ሕክምና ለዚሁ በሠለጠኑ ነርሶች ጭምር ሲሰጥ የጤና ጭንቀትን በግልጽ እንደሚቀንስና ውጤቱም ለሁለት ዓመት እንደሚዘልቅ አሳይቷል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ በቀላሉ ለማይገኝባት ኢትዮጵያ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ሥራ ሲሠሩ የሚመጣና ሲያርፉ የሚተው የደረት ሕመም፣ ወይም በሩጫ መካከል ራስን መሳት ግን በምንም ዓይነት ለጭንቀት የማይሰጥ፣ ቶሎ መታየት ያለበት ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በሊዮን ሜዳ ላይ ወድቆ የሞተው የካሜሩን እግር ኳስ ተጫዋች ማርክ ቪቪየን ፎዬ፣ የልብ ጡንቻን በሚያወፍርና አብዛኛውን ጊዜ በዘር በሚተላለፍ ሕመም መያዙ የታወቀው ከሞተ በኋላ ነበር።

በኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ ዋናው ችግር የሚጀምረው ከዚህ ቀደም ብሎ ነው። የአስከሬን ምርመራ እምብዛም ስለማይደረግ የአባት ሞት «ድንገት ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ «ልብ ነው» ከተባለም የትኛው የልብ በሽታ እንደሆነ አይታወቅም። በአገሪቱ ወጣቶችን በብዛት የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም፣ በልጅነት በአግባቡ ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ተነሥቶ የልብን በሮች የሚያበላሽ እንጂ ልጅ ከአባቱ እንደ ኮሌስትሮል ጉድለት የሚወርሰው አይደለም፤ በዚህ ሕመም ወላጁን ያጣ ሰው የማይመለከተውን ሥጋት ተሸክሞ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የሟቹን የሕክምና ካርድ ከሆስፒታል መጠየቅ፣ በሕይወት ያሉትን አክስትና አጎት ሟቹ በስንት ዓመቱ፣ ምን ሲሠራ፣ ምን ምልክት አሳይቶ እንደሞተ ማነጋገር ከማንኛውም መሣሪያ ቀድሞ የሚመጣ ምርመራ ነው። የኮሌስትሮል ውርስ በአንድ ሰው ላይ ሲረጋገጥ ደግሞ ወንድሞቹ፣ እህቶቹና ልጆቹ እንዲመረመሩ ይመከራል፤ እያንዳንዳቸው ጉድለቱን የመውረስ ዕድላቸው ግማሽ በግማሽ በመሆኑ፣ የወረሱት መድኃኒታቸውን በጊዜ ይጀምራሉ፣ ያልወረሱትም አለመውረሳቸውን ያውቃሉ።