የባቡር አምሳያ ሠሪዎች

በእንግሊዝ አገር የዕረፍት ቀናቸውን የባቡር አምሳያ በመሥራት የሚያሳልፉ ብዙ ሰዎች አሉ፤ በለንደን ከተማ የሚገኘው አንዱ ማኅበራቸው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ሲገናኙ ሻይ እየጠጡ ከሚከራከሩባቸው ጉዳዮች አንዱ፣ ለሌላው ሰው ቁም ነገር ባይመስልም፣ የሐዲድ ስፋት ነው። በዚያ አገር በሰፊው የተለመደው አምሳያ የእውነተኛውን ባቡር 76ኛ እጅ ያህላል። በዚሁ ልክ ቢሆን፣ 1,435 ሚሊ ሜትር የሚሰፋው እውነተኛ ሐዲድ ወደ 19 ሚሊ ሜትር ሊጠጋ ይገባው ነበር፤ የአምሳያው ሐዲድ ግን 16.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህም የሆነው በመጀመሪያው ዘመን ሞተሩ በትንሹ አካል ውስጥ አልገባ ስላለ፣ ሐዲዱ እንዳለ ሆኖ አካሉ ብቻ እንዲተልቅ በመደረጉ ነው። አንዳንዶች ስሕተቱን ችላ ብለው ባቡራቸውን ይነዳሉ። ሌሎች ግን የዓመታት ሥራቸውን ነቅለው፣ መንኮራኩሩን ሁሉ ለውጠው፣ ሐዲዱን በእጃቸው እንደ ገና ይዘረጋሉ።