ጓዳ ያለው ልጅ፦ ስለ ኦቲዝም የሚባለውና እውነቱ

ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ላይ ቡና ከተፈላ ጎረቤት መጠራቱ አይቀርም። ወሬው ከአቦል ተነስቶ በረካ እስኪደርስ የማይነካ ነገር የለም፤ የጀንፈል ዋጋ፣ የልጆች ፈተና፣ ዐረብ አገር የሄደችው የእከሌ ልጅ። ጓዳ ስላለው ልጅ ግን የሚያነሳ የለም። እናቱ እንግዳ ከመግባቱ በፊት በሩን ገርበብ አድርጋበታለች። ሰባት ዓመቱ ነው። ስሙ ሲጠራ አይዞርም። የጠርሙስ ክዳን በየመልኩ ለይቶ ይደረድራል፤ አንዱ ከቦታው ከተነሳ እሪ ይላል። የቡና መፈልፈያው ሞተር ሲነሳ ጆሮውን በሁለት እጁ ይደፍናል። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ የሚጠይቅ ግን የለም።

እንዲህ ያለ ቤት አንድ አይደለም። አጋሮም አለ፣ ሊሙ ገነትም አለ፣ የቡም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለው ይገምታል። ስሌቱ ለእኛም ከሠራ አንድ ሺህ ሰው በሚኖርበት ሰፈር ሰባት ስምንት ሰው ማለት ነው። በመንገድ ላይ የማናያቸው ስለሌሉ አይደለም።

ለእነዚህ ቤተሰቦች የተዘጋጀው አገልግሎት ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ብዙ እናት ያለው ጥቂቱ ጋ እንኳ ሳትደርስ ዓመታት ያልፋሉ፤ የሚያስቀራትም ስለ ልጇ የተነገራት ነገር ነው። ስለዚህ ከሚባለው ልጀምር።

«ለክፎት ነው፤ እርግማን ነው»

አዲስ አበባ ውስጥ ባሉ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎችን የጠየቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ። ልጆቻቸው ኦቲዝም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያላቸው ናቸው። ችግሩ ከምን መጣ ሲባሉ 40 በመቶ ያህሉ ክፉ መንፈስ አሉ፤ ከሩብ የሚበልጡት ደግሞ ኃጢአት። 30 በመቶው ጭንቅላቱን ተመትቶ ነው፣ ሩቡ በወሊድ ጊዜ የደረሰበት ነው ብለዋል። ከአንድ አፍ ሁለቱም ዓይነት መልስ ይወጣል፤ ሰው ሲጨንቀው የመጣውን ሁሉ ይይዛል። 45 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። እነዚህ እንግዲህ አፍረውም ቢሆን ሐኪም ቤት የደረሱት ናቸው።

ኦቲዝም መንፈስ አይደለም። አእምሮ ገና በማህፀን ሳለና በሕፃንነት ሲገነባ የሚመጣ የአሠራር ልዩነት ነው። ልጁ ከሰው ጋር የሚግባባበት መንገድ ይለያል፤ አንድን ነገር ደጋግሞ መሥራት ያረጋጋዋል፤ ድምፅ፣ ብርሃን፣ የልብስ ስፌት ሳይቀር ከእኛ በበለጠ ወይም ባነሰ ይሰማዋል። የመፈልፈያው ድምፅ ለእኔ ጫጫታ ነው፤ ለእሱ ሕመም ሊሆን ይችላል። ጩኸቱን ሰይጣን ነው ያሉት ሰዎች ሞተሩን አላሰቡትም።

ጸሎትን የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም። ከእነዚያ 102 አሳዳጊዎች ከመቶ ሰባ ሁለቱ በጸሎት ድጋፍ ፈልገዋል፤ በጅማም ጸበል የምትሄደውም ሆነች ቁርኣን የምታስቀራው እናት ብርታት ከዚያ ታገኛለች። የምቃወመው ሌላ ነገር ነው፤ ልጁን ማሰር፣ መግረፍ፣ ማስራብ፣ በጭስ ማፈን። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መድኃኒት ማስጣል ነው። ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚጥል በሽታ ከሌላው ሰው በበለጠ ይታያል። የሚጥል በሽታ መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ጸበሉም ዱዓውም ከኪኒኑ ጋር አይጣላም።

«እናቱ ናት»

ይህ አባባል የእኛ ብቻ አይደለም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝምን በ11 ልጆች ላይ ከገለጸ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት «ልጁን እንዲህ ያደረገው የእናቱ ፍቅር ማጣት ነው» ሲባል ኖሯል። የተማሩ ሰዎች ናቸው ያሉት፤ ስንት እናት አንገቷን አስደፍተዋል። በ1977 እንግሊዝ ውስጥ በ21 ጥንድ መንትዮች ላይ የተሠራ ጥናት ግን ነገሩ በአብዛኛው በዘር የሚመጣ መሆኑን አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩትም ይህንኑ አጸኑ። ያለጊዜ መወለድና የወላጆች ዕድሜ መግፋት ዕድሉን ከፍ ያደርጉታል። ቁጣ፣ ሐዘን፣ በእርግዝና ጊዜ ያልተበላ አምሮት አያመጡትም።

ክትባትም አያመጣውም። ወሬው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1998 በ12 ልጆች ላይ ከተጻፈ አንድ ጽሑፍ ነው፤ መጽሔቱ ራሱ በ2010 ሰርዞታል። ዴንማርክ ውስጥ ከ650,000 የሚበልጡ ልጆችን የተከታተለና በ2019 የወጣ ጥናት ምንም ግንኙነት አላገኘም። እኛ ጋ የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 እና በ15 ወር ነው፤ የኦቲዝም ምልክትም ለወላጅ ዓይን መታየት የሚጀምረው በዚያው ሰሞን ነው። ሁለቱ በጊዜ ይገጣጠማሉ እንጂ አንዱ የሌላው ወላጅ አይደለም።

«ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው»

ይህን የሚሉት አያቶች ልጁን ስለሚወዱት ነው፤ ክፋት የለበትም። ጊዜ ግን ይበላል። ዘግይቶ የሚናገር ልጅ በእርግጥ አለ። ነገር ግን እሱ በጣቱ ያሳያል፣ ሰውን ዓይን ለዓይን ያያል፣ ስሙን ሲሰማ ይዞራል፤ ቃሉ ብቻ ነው የቀረው። ዓመት ሞልቶት ስሙን ሲጠሩት የማይዞር፣ በዓመት ከመንፈቁ በጣቱ የማያሳይ፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል የማያጋጥም፣ ወይም በየትኛውም ዕድሜ ይናገር የነበረውን የተወ ልጅ «ቆይ ይደግ» አይባልም። መጀመሪያ ጆሮው ይታይ፤ የማይሰማ ልጅም ስሙ ሲጠራ አይዞርምና። ሴት ልጆችም አሉ፤ «ዝምተኛ፣ ጨዋ ልጅ» ስለሚባሉ ግን ከወንዶቹ በበለጠ ሳይታወቅላቸው ይቀራል።

ለጅማ ሰው የተለየ ክብደት ያለው ሌላም አባባል አለ፦ «ሁለት ቋንቋ ግራ አጋብቶት ነው።» ልጁ ከአያቱ አፋን ኦሮሞ፣ ከጎረቤት አማርኛ ይሰማል፤ ቤቱ የዳውሮ ወይም የየም ቤት ከሆነ ሦስተኛም አለ። መናገር ሲዘገይበት «አንዱን ተዉለት» የሚል ምክር ይመጣል፤ ከባለሙያ አፍም ሰምቼዋለሁ። በሁለት ቋንቋ የሚያድጉ ኦቲዝም ያላቸው ልጆችን ያጠኑ ሰዎች ግን በአንድ ቋንቋ ብቻ ከሚያድጉት የባሰ መዘግየት አላገኙባቸውም። አፋን ኦሮሞ ብቻ ከምትናገር አያቱ ጋር ልጁ በአፋን ኦሮሞ ካልተጫወተ፣ የተወሰደበት በቀን ሦስት አራት ሰዓት ልታናግረው የምትችል ሰው ናት። ለዚህ ልጅ ከሰው ጋር የሚያሳልፈው ሰዓት ከምንም በላይ ዋጋ አለው። ስልክ እያዩ መዋልም የሚጎዳው በዚሁ በኩል ነው፤ ኦቲዝምን አይፈጥርም፣ ሰውን ግን ይተካል።

«ርዳታ ያለው አዲስ አበባ ነው»

ከሚባለው ሁሉ ለእውነት የሚቀርበው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልየው።

በአገራችን ስለ ኦቲዝም በአደባባይ ከተናገሩት ቀዳሚ ድምፆች አንዷ ዘሚ የኑስ ናት። ልጇን ትምህርት ቤቶች አልቀበል ሲሏት እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁማ በጥቂት ልጆች የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። በፊደላችን ድምፅ ላይ ተመሥርታ ንግግርና ንባብ የምታስተምርበትን ዘዴም አዘጋጀች፤ አቡጊዳ ፎነቲክስ ትለው ነበር። በ2021 አረፈች። ከእሷ በኋላ ሌሎች ወላጆች የመሠረቱት ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እዚያው አዲስ አበባ ነው። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ። የቡና ለቀማ ትቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ወረፋ ጠብቆ ልጁን እዚያ ማስገባት የሚችል የቦሳ ኪቶ ቤተሰብ ስንት ነው?

ግን ዘሚ ስትጀምር ማዕከል አልነበራትም። የነበራት ልጇ ነው። ድጋፍ ማለት ሕንፃ ነው የሚለው እምነት ብዙ ቤተሰብ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ አድርጓል።

እዚህ ያለው መንገድ እንዲህ ነው። ከቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ከጤና ጣቢያ ይጀመራል፤ ከዚያ በሪፈር ወደ ጅማ ሜዲካል ሴንተር። ሜዲካል ሴንተሩ የሕፃናትም የአእምሮ ሕክምናም ክፍል አለው። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያለው ሰው ሪፈሩን ሳይዝ እንዳይሄድ። የምትሄድ እናት የክትባት ካርዱንና ስለ ወሊዱ የምታስታውሰውን ትያዝ፤ ልጁ በቤት የሚያደርገውን ደግሞ በስልክ ሁለት ሦስት ደቂቃ ትቅረጽ፤ ክፍሉ ውስጥ ፈርቶ ዝም ካለ ሐኪሙ የሚያየው ያንን ነውና። ኦቲዝምን የሚያድን ኪኒን እንደሌለም አስቀድማ ትወቅ። ሪስፔሪዶንን የመሰሉ መድኃኒቶች ራስን መምታትና ከባድ ቁጣን ያበርዳሉ እንጂ ንግግር አያመጡም። «ይህን ያህል ከከፈላችሁ አድነዋለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማት፣ ባለሙያም ይሁን ባህላዊ አዋቂ፣ ገንዘቧን ትያዝ።

ቀጥሎ ትምህርት ቤት አለ። በዚያው የ2016 ጥናት አሳዳጊዎች ከምንም በላይ ጎደለን ያሉት ሕክምና ሳይሆን ትምህርት ነው፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል። «እንዲህ ያለ ልጅ አንቀበልም» የሚል ርዕሰ መምህር ሲያጋጥም አገሪቱ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ማጽደቋን፣ በስምምነቱም ልጁ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት ሊገለል እንደማይችል ማስታወስ ይቻላል። በአክብሮት፣ ግን በጽሑፍ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት የሚያስተምርበት ክፍል አለው፤ ተመራቂዎቹና ተማሪዎቹ ያሉት በከተማችን ነው። አንድ መምህር ብቻውን ግራ ከሚገባው እዚያ ሄዶ ቢጠይቅ የሚጠፋበት ነገር የለም።

ሦስተኛው ቤት ነው፤ እኔ ተስፋ የማደርገውም በዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላሉ ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት። በኢትዮጵያም ለአገሩ እንዲስማማ ተደርጎ ተሞክሯል። የሚሰጡት የግድ ስፔሻሊስቶች መሆን የለባቸውም፤ የተዘጋጀውም ስፔሻሊስት ለሌለበት አገር ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ልጁ የሚማረው በየቀኑ በሚደጋገም የቤት ሥራ ውስጥ ነው። እኛ ቤት በየቀኑ ምን ይደጋገማል? ቡና። መደርደር የሚወድ ልጅ ሲኒውን ይደርድር፣ ከእሳቱ ራቅ ብሎ። እናት አንድ ሲኒ በእጇ ይዛ ትጠብቅ፤ ዓይኑን ሲያነሳ ወይም እጁን ሲዘረጋ «ሲኒ» ብላ ትስጠው። በአጭር ቃል፣ ደጋግማ፣ በየቀኑ። ፈንዲሻውን ለእንግዳ አንድ በአንድ ያድል፤ ተራ መጠበቅን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ጨዋታ አላውቅም። ለዚህ ግን የጓዳው በር መከፈት አለበት፤ ጎረቤትም ልጁ ሲጮህ ደንግጦ መነሳቱን መተው አለበት።

«የልጅ ነገር ነው»

ልጁ ያድጋል። ኦቲዝሙም አብሮት ያድጋል። ስለ አዋቂዎቹ ማንም አይጽፍም፤ አገልግሎቱም ከልጆቹ በባሰ የለም። ሁሉም «ልዩ ተሰጥዖ» አላቸው የሚለው ወሬም አይረዳቸውም፤ አንዳንዱ አለው፣ አብዛኛው እንደማንኛችንም ነው። ሃያ አምስት ዓመት የሆነው፣ ብዙ የማይናገር ሰው ግን ቡና መልቀም ይችል ይሆናል። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ፍሬ ከደህናው መለየት ዓይንና ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ የማይለዋወጥ ሥራ ነው። ከሞተሩ ራቅ ያለ ጥግ፣ ሁልጊዜ ያው ቦታ፣ የሚያውቀው አንድ ሰው አጠገቡ፣ እንደሌላው ሠራተኛ ክፍያ። ለአንዱ ይስማማዋል፣ ለሌላው አይስማማውም፤ ሳይሞከር ግን አይታወቅም።

እናቶች ሰው ሲሄድላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «እኔ የሞትኩ ቀን ማን ይይዝልኛል?» ለዚህ ጥያቄ የሚመልስ መሥሪያ ቤት አላገኘሁም። ከሞት ጋር የሚነጋገር አንድ ተቋም ግን በየሰፈራችን አለ፤ ዕድር። ድንኳንና ወንበር፣ ለቀስተኛና ገንዘብ የሚያዘጋጅ ዕድር፣ ሟች ጥላው የምትሄደውን ልጅም በመዝገቡ ሊያሰፍር ይችላል። ማን ዘንድ እንደሚያድር፣ ወርኃዊ ምን እንደሚዋጣለት፣ ማን እየሄደ እንደሚያየው። በሕይወት እያለች፣ እሷ ባለችበት ይወሰን።

እሷም ደብተር ትግዛ፤ ራሷ ካልጻፈች ሌላ ሰው ይጻፍላት። ምን እንደሚበላና ምን እንደማይነካ። ሲያመው በምን ምልክት እንደሚታወቅ። የመድኃኒቱ ስም፣ ልኩና ሰዓቱ። የመፈልፈያው ድምፅ እንደሚያስጨንቀውና ያን ጊዜ የትኛው ክፍል እንደሚሻለው። ክዳኖቹ የትኛው ቆርቆሮ ውስጥ እንዳሉ።