አረንጓዴ ቢጫ ቀዩ ስክሪን ላይ ሲወጣ

አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን፣ የሐበሻ ምግብ ቤት ወይም የአስጎብኚ ድርጅት ድረ ገጽ የከፈተ ሰው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይን ሳያይ የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው። ቀለሞቹ ያማሩ ናቸው፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ችግሩ ሌላ ነው። ባንዲራ ከሩቅ ይታያል እንጂ ጽሑፍ አይነበብበትም፤ ድረ ገጽ ግን የሚከፈተው ሊነበብ ነው።

በስክሪን ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ ቀለሟን የምታገኘው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን ቅልቅል ነው። የእያንዳንዱ ብርሃን መጠን ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር ስለሚለካ ከ16 ሚሊዮን በላይ ቀለም ይወጣል። ዓይናችን ግን ሦስቱን እኩል አያይም። ለብሩህነት በሚሠራበት ቀመር አረንጓዴው 72 በመቶ ገደማ ድርሻ ሲይዝ ቀዩ 21፣ ሰማያዊው 7 በመቶ ብቻ ነው። ድፍን ሰማያዊ ጨለም፣ ድፍን አረንጓዴ ደግሞ ፈካ ብሎ የሚታየን ለዚህ ነው።

የድርን ደረጃዎች የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ በ2008 ባወጣው መመሪያ ይህንኑ ቀመር ተጠቅሞ የጽሑፍና የመደብ ንፅፅርን በቁጥር አስቀመጠ። ነጭ በነጭ ላይ 1 ነው፤ ጥቁር በነጭ ላይ 21። ተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5፣ ትልልቅ ፊደል ደግሞ 3 ማግኘት አለበት። ልኩ ቀልድ አያውቅም፦ ሦስቱም ብርሃን 118 የሆነበት ግራጫ በነጭ መደብ ላይ ያልፋል፤ 119 ሲሆን ይወድቃል። ዘመናዊ ለመምሰል ሲባል በሣሣ ግራጫ የሚጻፉት ገጾች አብዛኞቹ ከዚህ በታች ናቸው። ፀሐይ ላይ ቆሞ በስልክ የሚያነብ ሰው ፈተናው ይብስበታል፤ የስክሪኑ ነጸብራቅ ያለውን ንፅፅር እንኳ ይበላበታል።

አሁን ባንዲራችንን እንለካው። ለአረንጓዴው 7፣ 137፣ 48፤ ለቢጫው 252፣ 221፣ 9፤ ለቀዩ 218፣ 18፣ 26 የሚሉት የተለመዱ ቁጥሮች ይወሰዱ። አረንጓዴው ከነጭ ጋር 4.5 ያህል አግኝቶ ለጥቂት ያልፋል። ቀዩ 5.1 ነው። ቢጫው ግን 1.4 ብቻ ስለሚያገኝ በነጭ መደብ ላይ በቢጫ የተጻፈ ዋጋ ወይም ስልክ ቁጥር የለም ማለት ይቻላል። ያው ቢጫ መደብ ሆኖ ጥቁር ጽሑፍ ሲያርፍበት 15 ይደርሳል! እንግዲህ ጥፋቱ የቢጫው ሳይሆን ያለ ቦታው ያስቀመጠው ሰው ነው።

ከሁሉ የሚገርመው የአረንጓዴውና የቀዩ ጉዳይ ነው። እርስ በርስ ሲለኩ ንፅፅራቸው 1.1 ነው፤ በብሩህነት መንታ ናቸው ማለት ነው። በአረንጓዴ መደብ ላይ ቀይ ጽሑፍ ዓይን የሚያውከውም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ በአውሮፓውያን ዘር ከ12 ወንዶች አንዱ ያህል ቀይና አረንጓዴን በትክክል አይለይም። የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ሰማያዊን አጥርቶ እንደሚያይ ራሱ ተናግሯል። ትክክለኛውን ክፍያ በአረንጓዴ፣ ያልተሳካውን በቀይ ብቻ የሚለይ ገጽ ለእንዲህ ያለው ሰው ምንም አልነገረውም። «ተከፍሏል» ወይም «አልተሳካም» የሚል ቃል መጨመር ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

ጉግል በአንድ ወቅት 41 ዓይነት ሰማያዊ አሰልፎ ሰዎች የትኛውን አብዝተው እንደሚጫኑ ፈትኗል። ዳግላስ ቦውማን የተባለው ዲዛይነር በ2009 ከኩባንያው ሲለቅ ካማረረባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ጎብኚ ላለው ይህ ያዋጣው ይሆናል፤ ለአንድ ምግብ ቤት ግን ቅንጦት ነው።

ለምግብ ቤቱ የሚበጀው አሠራር ቀላል ነው። ገጹ መጀመሪያ በጥቁር፣ በነጭና በግራጫ ይነደፍ፤ ቀለም ኋላ ይግባ። አረንጓዴው ነጭ ጽሑፍ ያለበት የማዘዣ ቁልፍ ይሁን፤ ቢጫው ጥቁር ጽሑፍ ይሸከም፤ ቀዩ ለማስጠንቀቂያ ይቆጠብ። ድረ ገጽ ያለዎት አንባቢ ዛሬውኑ የስልክዎን ስክሪን ከቅንብሩ ወደ ግራጫ ቀይረው ገጽዎን ይክፈቱት፤ ያኔ የማይነበብዎትን ጽሑፍ ቀለም ይለውጡ።