የሚያላዝን መኪና፦ ካምቢዮው ከመፈታቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው

ከሚሌ ተነሥቶ በጭፍራ በኩል ወደ ወልድያ የሚወጣው መንገድ ቆላውን ከደጋው ጋር ያገናኛል። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደየመንደሩ በሚገባው ጥርጊያ ላይ ግን ስኳሩን፣ ዱቄቱንና ጨርቁን የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ በአራቱም ጎማ የሚጎትት አሮጌ ፒክ አፕ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ስለ ጣለ፣ ያለውን ጠብቆ ማቆየት ለብዙ ነጋዴ አዲስ ከመግዛት የሚሻል ሆኖ ተገኝቷል።

አንድ የጭፍራ ባለሱቅ እንዲህ ያለ መኪና አለው እንበል። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ከሥሩ የማላዘን ድምፅ ይሰማል። መካኒኩ ድምፁን አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቶ «ካምቢዮው ነው» ይላል፤ ካምቢዮው ይፈታል፣ ኩሽኔታው ይለወጣል፣ ገንዘብና የገበያ ቀን ይባክናል። መኪናው ተገጥሞ ጭነት በያዘ ጊዜ ግን ያው ድምፅ ይመለሳል፤ ጥፋቱ የኋላው ዲፈረንሻል ነበርና። እንዲህ ያለው ኪሣራ የሚደርሰው ከመፍታት በፊት መጠየቅ ስለሚቀር ነው።

ነገሩን ለመረዳት የኃይሉን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ኃይል ከሞተሩ በፍሪሲዮን አልፎ ወደ ካምቢዮ ይገባል፤ ከካምቢዮ ወደ ኃይል አከፋፋዩ ሣጥን፣ ይኸውም ሹፌሮች ሪዶታ የሚሉት ማርሽ ወዳለበት ይሄዳል፤ ከዚያም በሁለት ረጃጅም ዘንጎች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዲፈረንሻል፣ በመጨረሻም ወደ ጎማዎቹ ይደርሳል። ከእነዚህ ክፍሎች አንዳንዶቹ ከሞተሩ ጋር፣ ሌሎቹ ከጎማው ጋር ስለሚዞሩ፣ ድምፁ የሚመጣበትና የሚጠፋበት ጊዜ ቦታውን ይናገራል።

የመጀመሪያው ጥያቄ መኪናው ቆሞ የሚጠየቅ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ፣ ማርሹ ዜሮ ሆኖ ድምፁ ከተሰማና ፍሪሲዮን ሲረገጥ ዝም ካለ፣ በካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ላይ ያለው ኩሽኔታ ይጠረጠራል። በተቃራኒው ፍሪሲዮን ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ የፍሪሲዮኑ መግፊያ ኩሽኔታ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ በመንገድ ላይ ነው። ሜዳ በሆነና ሌላ መኪና በሌለበት ሥፍራ፣ ድምፁ በሚሰማበት ፍጥነት ሞተሩን ሳያጠፉ ማርሹን ለጥቂት ጊዜ ዜሮ ማድረግ ይገባል፤ በቁልቁለት ግን ይህን ማድረግ አደገኛ ነው። ድምፁ ከሞተሩ ጋር አብሮ ከወረደ ጥፋቱ ከካምቢዮው ወይም ከዚያ በፊት ነው። ሞተሩ ዝቅ ብሎ ድምፁ ከመኪናው ፍጥነት ጋር ከቀጠለ ግን ከካምቢዮው በኋላ ያለውን ክፍል መፈለግ ያሻል። በብዙ አሮጌ መኪናዎች በአራተኛ ማርሽ ኃይሉ የካምቢዮውን ጥርሶች ሳይጫን በቀጥታ ስለሚያልፍ፣ በሌሎቹ ማርሾች የሚጮኽና በአራተኛ የሚያርፍ ድምፅ የካምቢዮ ጥርስ መበላት ምልክት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ጎማን ይመለከታል። ከአስፋልት ወደ ጠጠር መንገድ ሲወረድ ድምፁ ከተለወጠ ወይም ከጠፋ፣ የሚጮኸው ጥርሱ ትልልቅ የሆነው ጎማ ራሱ ነው። ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚያጋድል፣ በዚያን ጊዜ ድምፁ ከጨመረ የቀኝ ጎማ ኩሽኔታ ይጠረጠራል፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ከጨመረም የግራው። ከጉዞ በኋላ አንዱ የጎማ እምብርት ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል፣ ወይም ፍሬኑ ይዟል።

አራተኛው ጥያቄ የነዳጅ መርገጫን ይመለከታል። ሲረገጥ የሚያላዝን፣ ሲለቀቅ የሚለወጥ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከዲፈረንሻሉ ፒኞንና ኮሮና ይመጣል። ከፊት ይሁን ከኋላ ለመለየት ዘዴው ቀላል ነው። የፊት ጎማዎቹ በእጅ የሚቆለፍ መቆለፊያ ካላቸው፣ መቆለፊያው ተፈትቶ በኋላ ጎማ ብቻ ሲነዳ የፊቱ ዲፈረንሻል አይዞርም። መቆለፊያው ተቆልፎ፣ መኪናው እንደ ቀድሞው በኋላ ጎማ ብቻ ሲነዳ፣ የፊቱ ዲፈረንሻል ያለ ጭነት ይዞራል፤ ድምፁ በዚያን ጊዜ ብቻ ከመጣ ጥፋቱ ከፊት ነው። በአራቱም ጎማ እያስጎተቱ በደረቅ አስፋልት መሞከር ግን ማርሾቹን ያስጨንቃል።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር ሊታይ የሚገባውና ወጪው ከሁሉ የሚያንሰው ዘይቱ ነው። መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ፣ የመሙያው ቡሎን ሲፈታ ዘይቱ ከቀዳዳው ከንፈር መድረስ አለበት። በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ብናኝ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሯል ማለት ነው። እንደ ወተት የነጣ ዘይትም ውኃ መግባቱን ያስረዳል። ይህ ለቆላ ሰው ልዩ ትርጉም አለው፤ በሙቀት የጋለ ዲፈረንሻል በክረምት ጎርፍ ውስጥ ድንገት ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ የአየር መተንፈሻው በአቧራ የተደፈነ እንደ ሆነ ውኃውን በዘይት መያዣው ጎማ በኩል ይስባል። ስለዚህ መተንፈሻውን መጥረግ፣ ከጎርፍ በፊትም ጥቂት አቁሞ ማቀዝቀዝ ይጠቅማል።

ዘይትና መለዋወጫ ለሚያስመጡና ለሚሸጡ ነጋዴዎችም በዚህ ውስጥ ቁም ነገር አለ። ለዲፈረንሻል የሚሠራው ጂ ኤል 5 የተባለው ዘይት በአንዳንድ ካምቢዮ ውስጥ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ መሸጥ ደንበኛን ይጎዳል። ፒኞንና ኮሮናም በፋብሪካ ተጣምረው የሚሠሩ ስለ ሆኑ በጥንድ እንጂ ለየብቻ አይለወጡም። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ የዲፈረንሻሉን ዘይት አስፈስሶ ይመልከት፤ ድምፁን ለጊዜው ለመደበቅ የእንጨት ብናኝ ከዘይት ጋር መቀላቀል ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የሻጭ ተንኮል ነውና።

እንግዲህ ባለ ንብረቱ ወደ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት ሹፌሩን እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጠይቆ መልሱን በወረቀት ቢይዝ፣ መካኒኩ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል፤ የማይፈታውም አይፈታም። ያላዘነውን መኪና ዝም ብሎ መጫን ግን በበረሃ መካከል ጭነትንም ሰውንም ማስቀረት ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።